የግራ ጫማዬ ቋጠሮ

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ልቤ ከበደኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ሲያደርገኝ ዕቃ ማገላበጥ እወዳለሁ፣ ቁም ሳጥኑን አራገፍኩት። ከታች፣ ከጃኬቱ ስር፣ የተራራ ጫማዬ ወጣ። የግራው እስካሁን እንደታሰረ ነው። ያኔ ሳልፈታው ጎትቼ ሳላወልቀው አልቀርም። ድርብ ቋጠሮ ነው፣ ጥብቅ ያለ፣ ቀለበቶቹ እኩል የሆኑ። እኔ እንዲህ አድርጌ አላስርም።

ተራራ ልትወጣ ያሰበች አንዲት የማውቃት ልጅ ደግሞ ጠዋት ጽፋልኛለች። «ብቻዬን ልሂድ ወይስ በአስጎብኚ?» ይኼው ነው፣ አንድ መስመር። የትኛው ተራራ እንደሆነ እንኳ አልነገረችኝም። ኪሊማንጃሮ ከሆነ ጥያቄም የለው፣ ያለ አስጎብኚ አያስወጡም። ኔፓልም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዥ አስጎብኚ ይያዝ የሚል ደንብ አውጥታለች፤ የኤቨረስት አካባቢ አስተዳደር ግን ደንቡን አልተቀበለውም። ሕጉ ይሄ ነው። እሷ የጠየቀችኝ ግን ሕጉን አይመስለኝም።

ድሮ ቢሆን ሳላስብ «ብቻሽን» እላት ነበር። የብቻ መንገድ ምን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ሲያሰኝህ ትቀመጣለህ። ደመናው እስኪገለጥ ግማሽ ሰዓት ብትጠብቅ ማንም ሰዓቱን አያይም። ደግሞ ነገሩ የነፃነት ብቻ አይደለም፣ የጤናም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን የምትተኛበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ ባለህበት አንድ ሌሊት ድገም ይባላል። አንዳንዱ ሰውነት ከዚህም በላይ ቀን ይፈልጋል። ብቻህን ከሆንክ ትሰጠዋለህ። በቡድን ሲሆን ግን ማደሪያው አስቀድሞ ተይዟል፣ የሁሉም መመለሻ ቀን ተቆርጧል፣ ለአንድ ሰው ራስ ምታት ተብሎ ስምንት ሰው አይቆምም። ስለዚህ ራስ ምታቱን ዋጥ አድርጎ መሄድ ይመጣል።

እኔም ዋጥኩት። ያውም ሁለት ቀን።

ያን ጊዜ ከ4,000 ሜትር በላይ ነበርን። ማታ እራት አልበላሁም፣ ደክሞኛል አልኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ብርዱ ነው አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ። ጠዋት ከድንኳኑ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ቀኙን እንደምንም አሰርኩ። ግራው ላይ አንዱን ክር አጠፍኩ፣ ሌላውን አዞርኩ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ጠፋኝ። ክሩን ይዤ አየሁት። እንደገና ጀመርኩ። ሦስቴ ይሁን አራቴ እንጃ። ያኔ ትዝ የሚለኝ ጣቴ ደንዝዟል ብዬ ማሰቤ ነው።

አስጎብኚያችን ከወዲያ በኩል ሻይ ይዞ ያየኝ ነበር ለካ። መጣ፣ ተንበረከከ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ግራ ጫማዬን አሰረልኝ። ከዚያ በዱላው መሬቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ጫረና፣ ተረከዝሽን ከጣትሽ ጫፍ እያስነካሽ በዚህ ላይ ሂጂ አለኝ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ከመስመሩ ወጣሁ። ተናደድኩ። ደህና ነኝ አልኩት፣ የምሬን ነው ያልኩት፣ ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ቦርሳዬ ትከሻው ላይ ነው። ጉዟችን ቁልቁል ሆነ። ከሰዓት ላይ ራብ ተሰማኝ፣ ራስ ምታቱም ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

በኋላ ነው የገባኝ። ከፍታው አንጎልን ማሳበጥ ሲጀምር ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ መንገዳገድ ነው። ማመዛዘንህም አብሮ ይናጋል። ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ። ታመሃል ብሎ የሚነግርህ ያው የታመመው ጭንቅላትህ ነው። አሴታዞላሚድ የሚባለው ኪኒን ሰውነት ቶሎ እንዲላመድ ያግዛል እንጂ እንዲህ ሲሆን መውረድን አይተካም። ጓደኛ ይዞ መሄድም ያው ነው፣ እሱም እንዳንተ ትናንት የወጣ ነው፣ ጭንቅላቱ እንዳንተ ሊዞር ይችላል።

አስጎብኚ ሁሉ እንደሱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሌላ ጉዞ፣ ስሙን የማልጠራው፣ የቀኑን መንገድ ለመጨረስ ብሎ የሚያስመልሰውን ልጅ «በርታ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያለ ሲጎትት ያየሁት አለ። ልጁ ቆይቶ ወረደ፣ ደህና ነው፣ ግን ያን «በርታ» እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሷን የምመክራት ከሆነ ይቺን ነው፦ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂያቸው። ትርፍ ቀን አለ ወይ? አንድ ሰው ቢታመም አብሮት የሚወርደው ማነው? አስጎብኚው አንድ ብቻ ከሆነ ወይ ሁሉም ይወርዳል ወይ የታመመው ብቻውን ይቀራል። «እንደ ሁኔታው እናያለን» ካሉሽ ሌላ ፈልጊ።

ይኼን ሁሉ ልጽፍላት ስልኬን አንስቼ ነበር። ከዚያ ጫማው ላይ ፈዝዤ ቀረሁ፣ መሽቷል። ዕቃው ወለሉ ላይ እንደተበተነ ነው። ቋጠሮውን ልፈታው ሞከርኩና ተውኩት።

ያን ቀን ብቻዬን ብሆን ሰውነቴ የጠየቀውን ቀን እሰጠው ነበር ብያለሁ። እውነት እሰጠው ነበር? ወይስ ክሩን ጫማዬ ውስጥ ወትፌ፣ ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅኩ፣ ሽቅብ እቀጥል ነበር?