ሁለት ጊዜ የለካሁት መነጽር

በአንድ የዓይን ክሊኒክ መነጽር በመለካት ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ ጡረተኛ መምህር ማንበብ አቃተኝ ብለው ከልጃቸው ጋር መጡ። በ6 ሜትር ርቀት ያለውን የፊደል ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ስላነበቡልኝ፣ ችግሩ የቅርብ እይታ ብቻ ነው ብዬ ባይፎካል፣ ማለትም ለሩቅም ለቅርብም የሚሆን ባለ ሁለት ክፍል መነጽር፣ አዘዝኩላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው መነጽሩ እንዳልጠቀማቸው ነገሩኝ፤ የማንበቢያውን ቁጥር ጥቂት ከፍ አድርጌ ሌላ አሠራሁላቸው። ልጃቸው ልትወጣ ስትል፣ «አባዬ ደረጃ ሲወርድ ይደናቀፋል፤ ሁለት ጊዜም ወደ ኋላ ወድቋል፤ ሲበላም ወጡ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል» አለችኝ። ባይፎካል ያደረገ ሰው ደረጃ ላይ መደናቀፉ የተለመደ ነውና በዕድሜና በአዲሱ መነጽር አሳብቤ ሸኘኋቸው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አንድ አንጋፋ የዓይን ሐኪም አብሮኝ ነበር። ብዕሩን ከፊታቸው ይዞ በዓይናቸው እንዲከተሉት ጠየቃቸው። ወደ ጎን ተከተሉት፤ ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ግን ዓይናቸው መሐል ላይ ቀረ። ቀጥሎም «አባቴ፣ አፍንጫዬን ይዩልኝ» ብሎ ራሳቸውን በእጁ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሲያዘነብለው፣ አልወርድ ያለው ዓይን ያለ ችግር ወረደ። ጡንቻውም ሆነ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ደህና ነው ማለት ነው፤ የጠፋው ከአንጎል የሚመጣው «ታች እይ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የባይፎካል ማንበቢያ ደግሞ ያለው ከመነጽሩ ግርጌ ነው። ታች ማየት ለማይችል ሰው ሁለት ጊዜ ያሠራሁት፣ ዓይኑ ፈጽሞ የማይደርስበትን መስታወት ነበር፤ ዋጋውንም የከፈሉት ከጡረታቸው ነው።

የነርቭ ሐኪሙ ሕመማቸው ፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፖልዚ የተባለ የአንጎል በሽታ መሆኑን ነገራቸው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1964 በቶሮንቶ ሐኪሞች ራሱን ችሎ የተገለጸ ሲሆን፣ ታው የተባለ ፕሮቲን በአንጎል ሕዋሳት ውስጥ እየተከማቸ የሚያስከትለው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ኋላ በመውደቅ ስለሚጀምርና ሰውነትን ስለሚያግተረትር ብዙ ጊዜ ፓርኪንሰን የተባለውን የእንቅስቃሴ በሽታ ይመስላል፤ የፓርኪንሰን መድኃኒት ግን እምብዛም አይረዳውም። ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። እኔ ማድረግ የቻልኩት ለማንበቢያ ብቻ የሚሆን መነጽር ሰጥቼ መጽሐፉን በዓይናቸው ትክክል የሚያቆም ማስደገፊያ እንዲሠራላቸው መንገር ነበር፤ ልጃቸውም ሳህናቸውን ከፍ አድርጋ ማቅረብ ጀመረች።

ማምሻውን የሕክምና ካርዳቸውን አውጥቼ አየሁት። «የዓይን እንቅስቃሴ» በሚለው መስመር ላይ፣ ጣቴን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ብቻ አንቀሳቅሼ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ደህና» ብዬ ጽፌያለሁ።