የሞተ ቁራ ሲመጣ የትኛው ምርመራ ይሻላል?

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ትንኝ በሚቆጣጠር የካውንቲ ቤተ ሙከራ ነው። ሰመር ሲገባ የሞቱ ወፎች ይመጡልናል። የኛ ሥራ የገደላቸው በትንኝ የሚተላለፈው፣ ሰውንም የሚያሳምመው ዌስት ናይል ቫይረስ መሆን አለመሆኑን መለየት ነው። ከኮቪድ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ፒሲአር አድርጋችሁ አትገላገሉም?» ይለኛል። ፒሲአር ግሩም ነው። ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «የትኛው ወፍ ነው? ናሙናውስ ከየት ተወሰደ?» ብዬ ነው።

የአሜሪካ ቁራ ይህን ቫይረስ ጨርሶ አይችለውም። በተያዘ በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ያኔ መላ ሰውነቱ ቫይረስ ሆኗል። ስለዚህ አፉን በጥጥ ዘንግ ጠርጎ የቫይረሱን ፕሮቲን በሚፈልገው በፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሬሳ መክፈት የለ፣ ውድ ማሽን የለ፣ ውጤቱ በዚያው ቀን ይደርሳል። ብሉ ጄይም የቁራ ዘመድ ነውና ለእሱም ይሠራል። ይህን ምርመራ የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን እከራከርለታለሁ። ጥያቄያችን «ቫይረሱ ሰፈራችን ገብቷል ወይ?» ከሆነ፣ ዛሬ የተገኘ ውጤት ትንኞቹን ዛሬውኑ ለመከላከል ይረዳል።

ድንቢጥ ወይም ጭልፊት ሲመጣ ግን ፈጣኑን ምርመራ አላምነውም። ቫይረሱ አፋቸው ውስጥ ጥቂት ሊሆን ይችላል። «የለም» ቢለኝ ልቤ አያርፍም፤ ከኩላሊት ወይም ከአንጎል ናሙና ወስጄ ፒሲአር እሠራለሁ። ፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል ስለሚያባዛ ትንሹንም ያገኘዋል። ሌላው መንገድ ቫይረሱን በሕዋስ ላይ ማሳደግ ነው፤ እሱ ግን ሕያው ቫይረስ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሬሳ ለዚህ አይሆንም።

በሕይወት ያለ ወፍ ተይዞ ደሙ ሲወሰድስ? ቫይረሱ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ያመልጠናል። የሚቆየው ሰውነቱ ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱን ኤሊዛ በሚባለው የደም ምርመራ እንፈልጋለን። ችግሩ፣ ዘመዳሞች ቫይረሶች እዚህ ላይ ይምታታሉ።

በ1999 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሰዎች በአንጎል ብግነት ሲታመሙ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው የዌስት ናይል ዘመድ ወደሆነው ወደ ሴንት ሉዊስ ቫይረስ ጠቆመ። በዚያው ሰሞን ቁራዎች በየመንገዱ ይረግፉ ነበር፤ የብሮንክስ መካነ እንስሳት ወፎችም ይሞቱ ነበር። የመካነ እንስሳቱ ፓቶሎጂስት (እንስሳቱ በምን እንደሞቱ የምትመረምር ሐኪም) ትሬሲ ማክናማራ ነገሩ አልዋጥላት አለ። ሴንት ሉዊስ እንዲህ ወፍ አይፈጅማ! ናሙናዎቿን ወደ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ላከች። በመስከረም መጨረሻ ዌስት ናይል መሆኑ ታወቀ። በ1937 ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘ ቫይረስ ነው፤ በአሜሪካ ምድር ከዚያ በፊት አልታየም። ይህችን ሴት ሳስብ ሥራዬን የበለጠ እወደዋለሁ።

መምታታቱን የሚፈታው የማምከን ምርመራ ነው። የወፉ ሴረም (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) ከእያንዳንዱ ተጠርጣሪ ሕያው ቫይረስ ጋር ለየብቻ ይቀላቀላል፤ ከዚያ የትኛውን በደንብ እንዳስቆመ ይታያል። ቀናት ይፈጃል፣ ጥብቅ ጥንቃቄም ይጠይቃል። አውሮፓ ውስጥ ያለሱ አይሆንም። እዚያ ኡሱቱ የሚባለው ሌላው ዘመድ በ2001 ኦስትሪያ ውስጥ ብላክበርድ የተባሉትን ወፎች ፈጅቷል። ዛሬ ከዌስት ናይል ጋር አንድ አካባቢ ይገኛል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ የሞተ ቁራ ካያችሁ ለካውንቲያችሁ ደውሉ። በባዶ እጅ አትንኩት። ደግሞ ዛሬ ነገ አትበሉ፤ ትኩስ ሬሳ ላይ ሁሉም ምርመራ የተሻለ ይሠራል።