አሮጌው ይሻላል እያልኩ የኖርኩባቸው 16 ክፍሎች

«ክሊንጎኖቹን ምን አደረጓቸው?» አልኩ፣ ዲስከቨሪ ገና ከመጀመሩ። ዲስከቨሪ ከአዲሶቹ የስታር ትሬክ ተከታታዮች አንዱ ነው፤ ስታር ትሬክ ስለ ጠፈር መርከበኞች የሚተርክ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ክሊንጎኖች ደግሞ በውስጡ ያሉ የሌላ ዓለም ተዋጊ ሕዝብ ናቸው።

የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። «ምን ሆኑ?» አለኝ። ፊታቸው ተቀይሯል፣ ፀጉራቸው የለም፣ በእኔ ጊዜ እንዲህ አልነበሩም አልኩት። ምንም ሳይመልስ ስልኩ ላይ ሁለት ፎቶ አወጣልኝ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው ስታር ትሬክ ላይ ያለ ክሊንጎን ነው። ፊቱን ጠቆር አድርገው የኳኳሉት፣ ጺም ያለው ተራ ሰው። ሁለተኛው «የእኔው» ነው፤ ግንባሩ እንደ ኤሊ ጀርባ የጎረበጠው። «ጋሼ፣ ያንተዎቹም እኮ የተቀየሩ ናቸው» አለኝ።

ልጁ ልክ ነው። ግንባራቸው የጎረበጠው በ1979ኙ ፊልም ነው። በ1996 በተላለፈ አንድ ክፍል ላይ ክሊንጎኑ መኮንን ወርፍ ስለዚሁ ልዩነት ሲጠየቅ፣ ከውጭ ሰው ጋር አንወያይበትም ብሎ ይዘጋዋል። እኔም እንደ ወርፍ ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ግን እስከ እራት ድረስ ነበር። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፤ ከአሮጌውና ከአዲሱ የቱ ይበልጣል? የእኔ አሮጌ ከ1987 እስከ 1994 የተላለፈው ዘ ኔክስት ጀነሬሽን ነው። ሲጀምር ደግሞ ያለ ከርክና ያለ ስፖክ፣ ያለ መጀመሪያዎቹ ጀግኖች፣ ምን ስታር ትሬክ አለ ተብሎበት ነበር፤ ይህንን ለልጁ አልነገርኩትም። እሱ በበኩሉ ከአዲሶቹ ተከታታዮች ስትሬንጅ ኒው ወርልድስን ይዞ መጣ። እያንዳንዳችን ሦስት ምርጥ ክፍል እናምጣ አልኩ። «አይሆንም» አለ፤ «አንተ ከ178 ክፍል ትመርጣለህ፣ የእኔ በአንድ ሲዝን 10 ብቻ ነው።» መጀመሪያውን ከመጀመሪያው እናወዳድር አለ። የእኔ የመጀመሪያ አሥር፣ የእሱ የመጀመሪያ አሥር። በየእሁዱ ከምሳ በኋላ አንድ አንድ።

በልቤ ሳቅኩ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ከአሥር ነጥብ እንሰጥ ነበር፤ አልሠራም። እሱ ለምስሉ ጥራት ይሰጣል፣ እኔ ለትዝታዬ። በሁለተኛው ሳምንት ነጥቡን ተውነውና ሌላ ዘዴ ፈጠርን። ረቡዕ ማታ እደውልለታለሁ፤ ከእሁዱ ምን ትዝ ይልሃል እንባባላለን፤ ደብተር ማየት ክልክል። ብዙ የተወራለት ያሸንፋል። እውነት ለመናገር ከጠቅላላው ሙከራ የምኮራበት ይሄንን ነው። እሁድ ዕለት አፍ ያስከፈተህ ፍንዳታ ረቡዕ ላይ የለም። የኬንያዋ ልጅ ኡሁራ፣ ገና እጩ መኮንን ሳለች፣ ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ውስጥ መውጫ አጥታ ስታንጎራጉርና መልስ ስታገኝ ግን እስከ አርብም ትዝ ይልሃል። በዚያ ሳምንት የእሱ አሸነፈ። ሳልወድ በግዴ አመንኩ።

የእኔው ተራ በተራ ይወድቅ ጀመር። ሁለተኛው ታሪክ የ1966ቱን አንድ ክፍል ደግሞ የሠራ ነው፤ አሮጌ የምለው ራሱ ከእሱ የባሰ አሮጌ ተበድሮ ነው የጀመረው። ከዚያ «የክብር ሕግ» የሚባለው ክፍል መጣ። መርከቧ አንድ ፕላኔት ትደርሳለች፤ ነዋሪዎቹ በሙሉ ጥቁር ተዋንያን ናቸው፤ አለቃቸው ነጯን የጥበቃ ሹም ይጠልፋታል። እህቴ ቡና ይዛ ገባችና ቆማ አየች። «በጠፈር መርከብ ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ያገኙት ይሄንን ነው?» አለች። ሲኒውን ተቀብዬ አንገቴን ደፋሁ። የገዛ ተዋንያኑ ሳይቀሩ በኋላ በይፋ የነቀፉት ክፍል ነው።

ልጁ ግን አንድ ነገር ያዘ። «ሁሉንም አይቻለሁ አላልክም እንዴ? ይሄን አሁን ገና ነው ያየኸው።»

እውነት ነው። ዘ ኔክስት ጀነሬሽንን ያወቅኩት በእኛ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ከቴሌቪዥን ቀድታ በላከችልኝ ካሴት ነው። ስምንት ካሴት፣ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ክፍል፣ መሀል መሀሉ ላይ የአሜሪካ የመኪና ማስታወቂያ። የእኛ ዴክ የአሜሪካን ካሴት በጥቁርና ነጭ ነበር የሚያሳየው፤ ለዓመታት የመርከቧ አዛዥ የፒካርድ ልብስ ግራጫ ይመስለኝ ነበር። ካሴቶቹ እስኪላጡ አየኋቸው። ስምንት ሲባዛ በሁለት 16 ነው። ከ178ቱ 16ቱን አይቼ ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተከራከርኩት።

ለአክስቴ ደወልኩ። የላክሽልኝን እንዴት መረጥሽ አልኳት። «ያላማረኝንማ ምን አደርግለታለሁ? እላዩ ላይ ሌላ እቀዳበት ነበር፤ ካሴት በነጻ አይሰጥ!»

ናፍቆቴ የእሷ ምርጫ ነበር ማለት ነው። አዲሱን ከነእብቁ እያየሁ፣ አሮጌውን ተበጥሮ፣ ተነፍቶ፣ ተልኮልኝ ነበር የማወዳድረው።

አሥሩ እሁድ ሲያልቅ ሰባቱን እሱ፣ ሦስቱን እኔ ወሰድን። ተሸነፍኩ። ግን አንድ ነገር አልለቅም፤ ይህን ያየሁት ደግሞ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከአክስቴ 16ቱ አንዱን፣ በ1991 የተላለፈውን፣ አብረን አየን። የሰው ሠራሹ መኮንን የዴታ አንድ ቀን ነው። ጓደኞቹ ሊጋቡ ነው፤ ሰርግ ላይ መደነስ አለበት፤ ሐኪሟ ታስተምረዋለች። እርምጃውን እያየ ወዲያው ይቀዳል። ፈገግ በል ስትለው ግን ጥርሱን ሁሉ ገልጦ ይደርቃል፤ ያስፈራል። ልጁ ስልኩን ደረቱ ላይ ደፍቶ ሳቀ። ረቡዕ ስደውልለት ከሰላምታ በፊት ያነሳው ያቺን ፈገግታ ነበር።

እንዲህ ያለ ክፍል የሚወለደው ከትርፍ ጊዜ ነው። ያኔ በዓመት 26 ክፍል መሙላት ግድ ነበር። ከዚያ ግዴታ ብዙ እብቅ ወጥቷል። በ1988ቱ የደራሲዎች አድማ ምክንያት ያጠረው ሁለተኛው ሲዝን፣ ያለቀው የፒካርድ ምክትል ራይከር አልጋ ላይ ተኝቶ የድሮ ቅንጭብ በሚያሳይ ክፍል ነው፤ አያድርስ! ግን የዴታ ዳንስም የመጣው ከዚያው ግዴታ ነው። በዓመት 10 ክፍል ሲሆን ለአንድ ተራ ቀን ቦታ አይተርፍም። አዲሶቹ ቢሞክሩም፣ ልጁ ራሱ የሚወደው ስፖክ የሚቀልድበት ክፍል ቢኖርም፣ እጃቸው አጭር ነው። አዲሱን የምወቅሰው በዚህ ብቻ ነው። በፊቱ መቀየር መናደዱን ትቻለሁ።

ልጁ የእኔውን አሮጌ ከሦስተኛው ሲዝን ጀምሮ ብቻውን ቀጠለ። ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ደወለ፤ ድምፁ ልክ አይደለም። «ጋሼ፣ ዋሽንቱን አይተኸዋል?»

አላየሁትም። ፒካርድ በጠፋ ፕላኔት ላይ ሙሉ ዕድሜ የሚኖርበት፣ ልጅ የሚወልድበት፣ የሚያረጅበት የ1992 ክፍል ነው። ለሳይንስ ልብወለድ ሥራዎች የሚሰጠውን የሂዩጎ ሽልማት ያገኘ ነው። ከካሴቶቹ ውስጥ አልነበረም። በማግስቱ አክስቴን ጠየቅኳት።

«ሰውየው ዋሽንት የሚነፋበት? አስታወስኩት። አንድ ተኩስ የለበትም፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።»

«ምን ቀዳሽበት?»

«የእህትህን ሰርግ ነዋ! እናንተ ከላካችሁልኝ ላይ ገለበጥኩበት።»

ለልጁ ገና አልነገርኩትም።