እንኳን አደረሳችሁ! ዘንድሮ ስለ ዶክተር በርኪት ላውጋችሁ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ዓመቱ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ። አገር ቤት ያላችሁም፣ በሰው አገር ዶሮ ወጥ የምትሠሩም፣ በዓሉን ተረኛ ሆናችሁ ሥራ ላይ የምትውሉም፣ ሁላችሁንም አስባችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ጋር ነው። እንቁጣጣሽ የሚውልበት ሴፕቴምበር ደግሞ በዓለም ዙሪያ የልጆች ካንሰር የሚታሰብበት ወር ነው። ዘንድሮ ምኞት ብቻ ከምደረድር፣ ሲደክመኝ የሚያበረታኝን የአንድ ሐኪም ታሪክ ላካፍላችሁ።

ዴኒስ በርኪት ይባላል። በ1911 አየርላንድ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ11 ዓመቱ በአደጋ አንድ ዓይኑን አጣ። ቢሆንም ቀዶ ሐኪም ሆኖ ኡጋንዳ ገባ።

በ1957 ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ሂው ትሮዌል የተባለ ባልደረባው አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲያይለት ጠራው። የልጁ መንጋጋ ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አብጧል። ጥርሶቹ ተነቃንቀዋል። በርኪት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጂንጃ ሆስፒታል ሄዶ ሳለ በመስኮት ሲመለከት ፊቱ ልክ እንደዚያ ያበጠ ሌላ ልጅ አየ። ሥራውን ትቶ ወጣና መረመረው። አንድ ሲሆን ያጋጥማል ይባላል፤ ሁለት ሲሆን ግን እሱን እንቅልፍ ነሳው። የሆስፒታል መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ። በልጆች መንጋጋም በሆድም የሚወጣው እጢ አንድ ዓይነት ካንሰር መሆኑን የተረዳው ያኔ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። የረባ በጀት የለውም፣ ላቦራቶሪ የለውም። የሕሙማኑን ፎቶ የያዘ መጠይቅ በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች በፖስታ ላከ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ሐኪም ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ መኪና ተነስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በየደረሰበት ሆስፒታል ፎቶውን እያሳየ “እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?” ይል ነበር፤ አይተናል ያሉትንም አላየንም ያሉትንም በካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል። በሽታው የሚገኘው ሞቃትና ዝናባማ በሆነ ቦታ ነው፤ ደጋ ሲወጡ ይጠፋል። ቆላና ደጋን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ ወዲያው ይገባናል፤ ወባ ያለበት አገር ማለት ነው። ወባ የልጆቹን የመከላከል አቅም እያዛባ ለበሽታው መንገድ እንደሚከፍት በኋላ ታወቀ።

በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ንግግር ሲያደርግ አንቶኒ ኤፕስታይን የተባለ ተመራማሪ ሰማው። ከካምፓላ የእጢ ናሙና በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር። አንዱ ናሙና በጭጋግ ምክንያት አውሮፕላኑ ሌላ ከተማ አርፎ ዘግይቶ ደረሰ። ፈሳሹ ደፍርሷል። ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያየው ግን ያደፈረሰው ባክቴሪያ ሳይሆን ከእጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያው ሴሎች ነበሩ። ከእነዚያ ሴሎች ውስጥ ነው በ1964 ኤፕስታይን-ባር የምንለው ቫይረስ የተገኘው፤ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ቫይረሶች የመጀመሪያው።

በርኪት ግን ልጆቹን ማከሙን አልተወም። የጨረር ሕክምና በሌለበት አገር ኬሞ የሚባሉትን የካንሰር መድኃኒቶች ሞከረ፤ አንዳንዶቹ ልጆች በጥቂት መርፌ ብቻ ፈጽመው ዳኑ። ዛሬም ይህ በሽታ በጊዜ ከመጣልን በኬሞ ይድናል።

በጊዜ ከመጣልን። የእኔ ጭንቀት እዚህ ጋ ነው። እጢው በጣም ፈጣን ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከቆላ ልጇን አዝላ የመጣች እናት “መጀመሪያ ጥርሱ ተነቃነቀ፣ አስነቀልነው፤ ከዚያ ፊቱ አበጠ” ስትለኝ ሙላጎ የነበረው ልጅ ይታወሰኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ዘግይቶ መምጣት፣ የመድኃኒት እጥረት፣ የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ አጥቶ ሕክምናውን መሀል ላይ ማቋረጥ ነው።

ስለዚህ በበዓል አፌ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤተሰብ ስትጠይቁ ልጆቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ያለጊዜው የተነቃነቀ ጥርስ፣ ያበጠ መንጋጋ ወይም ሆድ፣ የማይለቅ ትኩሳት ካለ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ፎቶ ስታነሷቸው ደግሞ በፍላሽ የአንድ ዓይናቸው ብሌን ነጭ ሆኖ ካበራ ዝም አትበሉ፤ የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ የዓይን ሐኪም ይየው። ገንዘብ ያላችሁ፣ ለሕክምና ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ካወቃችሁ የመመላለሻውን ቻሉለት።

መልካም አዲስ ዓመት! ዛሬ ዋርድ ውስጥ ለምትውሉ ልጆቼና እናቶቻቸው ደግሞ፣ ከሰዓት በኋላ ድፎ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ፤ ጠብቁኝ።