የተመለሰው ጉርድ ፎቶ

ደንበኛዋ ለፓስፖርት የተነሳችውን ጉርድ ፎቶ ይዛ ወደ ፎቶ ቤቱ ስትመለስ ከፍቷት ነበር። ማመልከቻዋ በፎቶው ምክንያት ተመልሶባታል። ሳትዘጋጅ ቀርታ አይደለም፤ ጸጉሯን ወደ ላይ አስይዛ፣ ፊቷን ተኳኩላ፣ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ነው የመጣችው። ችግሩ የመጣውም በአብዛኛው ከዚያው ከዝግጅቱ ነው።

ፎቶ አንሺው ማስመሪያ አውጥቶ ፊቷን ለካ፤ 27 ሚሊ ሜትር። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ መጠን ብዙ አገሮች የሚጠይቁት ከአገጭ እስከ አናት ከ32 እስከ 36 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊት ነው። የአሜሪካው 51 በ51 ሆኖ ጭንቅላቱ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የሚያመለክቱበትን አገር ልክ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የእሷ ፊት ያነሰው የተቆለለው ጸጉሯ እንዳይቆረጥ ተብሎ ከራቀ ቦታ ስለተነሳች ነው። ብዙ ፎቶ ቤት እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በ35 በ45ው ፎቶ የሚለካው እስከ ራስ ቅሉ አናት እንጂ እስከ ጸጉሩ ጫፍ አይደለም። ጸጉር ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ሲያዝ ሥራው ይቀላል። ዓይንና ቅንድብ ካልሸፈነ ቢለቀቅም ግድ የለም።

ከመጠኑ የባሰው ግን የፊቷ ቀለም ነበር። አንገቷ የራሷን ቀለም እንደያዘ ነው፤ ግንባሯና ጉንጯ ግን አመድ የተነሰነሰባቸው መስለዋል። ከፋውንዴሽኑ ሥር የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነበረ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ቅባት መስታወት ፊት ምንም አይታይበትም፤ ፍላሽ ሲያርፍበት ግን ብርሃኑን መልሶ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ሲሊካ ያለው ፓውደርም በብዛት ሲቀባ እንዲሁ ያደርጋል። መኳኳል የፈለገ ሰው ከቤት ሳይወጣ የስልኩን ፍላሽ አብርቶ አንድ ፎቶ ቢነሳ ፊቱና አንገቱ መለያየታቸውን ወዲያው ያውቃል። የማይኳኳል ሰው ደግሞ የግንባሩን፣ የአፍንጫውንና የአገጩን ወዝ በሶፍት ጫን ጫን እያደረገ ማንሳት ይበቃዋል። ማሸት ቆዳውን ያቀላል።

ነጭ ሸሚዙ ከነጩ ባክግራውንድ ጋር ተዋህዶ ትከሻዋን አጥፍቶታል። ለዚህ ሲባል ፎቶ ቤቶች ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሰቅለው ያኖራሉ፤ የራስን ጠቆር ያለ ልብስ ለብሶ መምጣት ግን ይሻላል፤ ልኩ ያልሆነ ኮት ትከሻ ላይ ይጨማደዳል።

ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ጥላ ደግሞ የፎቶ አንሺው ጥፋት ነው፤ ግድግዳው ሥር አስጠግቶ አንድ ፍላሽ ብቻ ነው የተጠቀመው። በሁለተኛው ዙር ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አራቃት፤ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አቆመ፤ ሌንሱን ከዓይኗ እኩል አድርጎ ከ1.5 ሜትር ርቀት አነሳት። ከዚህ በጣም ሲቀርቡ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ሰውየውን የማይመስለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ነጭ ባክግራውንድ ካሜራውን ስለሚያታልለውና ፊት ስለሚያጠቁረውም ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ትንሽ ከፍ አደረገ።

ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች። መነጽሯን ቀደም ብላ እንድታወልቅ ተነገራት፤ አፍንጫ ላይ የሚተወው ምልክት እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። አሜሪካ ከ2016 ጀምሮ በመነጽር የተነሳ ፎቶ አትቀበልም፤ የሚቀበሉትም ቢሆኑ ነጸብራቅ ካለበት ይመልሱታል። አፍ ይገጠም ሲባል ብዙ ሰው ጥርሱን ነክሶ የተቆጣ ይመስላል። ትንፋሽን ቀስ ብሎ አስወጥቶ ከንፈርን ብቻ መግጠም፣ መንጋጋን መልቀቅ ነው። ዓይኗ ቶሎ ቶሎ ይርገበገብ ስለነበር ጨፍና ቆይታ "ክፈቺ" ሲላት ከፈተች፤ ወዲያው አነሳት።

ምስሉን ስታይ ጉንጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ በኮምፒውተር እንዲያጠፋላት ለመነችው፤ እምቢ አላት። ፊት የሚያነጻጽረው ማሽን የሚያየው የራሷን ፊት ነው፤ የተለሰለሰ ቆዳ ወይም የጠፋ ጠባሳ ፎቶውን እንደገና ያስመልሰዋል። ቆርጦ መጠኑን አስተካክሎ ብቻ አተመላት፤ ከማስረከቡ በፊትም በማስመሪያው ለካው፤ 34 ሚሊ ሜትር።