ሲክ ሊቭ ላይ የበሽታውን ስም አታስጽፉ፦ ባይፖላር ይዞ ሥራ ስለማቆየት

በሕክምናው ብዙም የምማረር አይደለሁም። ሥራዬን ሊያሳጣኝ የደረሰው ሐኪሙ ፈርሞ የሰጠኝ ግማሽ ገጽ የሕመም ፈቃድ (ሲክ ሊቭ) ወረቀት ነው። ስለ ባይፖላር፣ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው የአእምሮ ሕመም፣ የሚጽፍ ሁሉ ስለ መድኃኒትና ስለ እንቅልፍ ይነግረናል፤ ስለ ወረቀቱ የሚነግር ጠፋ። ይህን የምጽፈው በግል ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደርበት ሕግ ሌላ ስለሆነ የቀኑም የደመወዙም ስሌት ይለያል።

ሕክምናውን በአጭሩ ልለፈው። ሊቲየም የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጠኑን የሚለካው የደም ምርመራ የመጨረሻውን ኪኒን ከዋጣችሁ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሠራ። ጠዋት ውጣችሁ በዚያው ወደ ላብራቶሪ ከሄዳችሁ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ሐኪሙም ያለ ምክንያት መጠኑን ይቀንስባችኋል። ለወገብና ለራስ ምታት እያሉ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ ሊቲየሙ በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ። በጾምም ሆነ በጠበል ሰሞን ውኃ ሳይጠጡ መዋልም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ሳያልቅ ቀድማችሁ ግዙ።

ሕጉ ደግሞ ይህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ካቃተው፣ ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። ፈቃዱ በተከታታይም ተከፋፍሎም ይወሰዳል፤ ሄድ መጣ ለሚል ሕመም ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። «መጀመሪያ የዓመት ፈቃድዎን ይጨርሱ» የሚል የሰው ሀብት ኃላፊ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። ሁለቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ በዓመት ፈቃድ ላይ ሳሉ ቢታመሙ እንኳ የሕመም ፈቃዱ ሕግ ነው የሚሠራው።

ሕመሙን ማሳወቅ የሚገባው ከቀራችሁበት ቀን በማግስቱ ነው፤ አሠሪው አስቀድሞ ካወቀ ወይም ማሳወቅ ካልተቻለ በቀር። አስታማሚያችሁ ይደውል፣ ነገር ግን ከጥሪው በኋላ አጭር መልእክትም ይላክ። ጥሪ የት እንደደረሰ አይታወቅም፣ መልእክት ግን ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት ይቀመጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

የመሥሪያ ቤቴ ሰው ሀብት ክፍል «የበሽታው ዓይነት ካልተገለጸ አንቀበልም» አለ። አንቀጽ 85 የሚጠይቀው መንግሥት የሚያውቀው የሕክምና ድርጅት የሰጠውን ማስረጃ ነው፤ የበሽታው ስም ይጻፍ አይልም። ይህን ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ «አሠራራችን ነው» የሚል ነበር። አሠራር እንዴት ከአዋጅ በላይ እንደሚሆን እስካሁን የገለጸልኝ የለም። ሆስፒታሉም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። የታተመው ቅጽ ላይ ስለ በሽታው የሚሞላ ባዶ መስመር አለ፤ መስመር ካለ ደግሞ ብዙ ሐኪም ሳያስብ ይሞላዋል። ስለዚህ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ «ለአሠሪ የሚሄድ ነው፤ በሕክምና ላይ መሆኔንና እስከ መቼ መሥራት እንደማልችል ብቻ ይጻፍልኝ» በሉ። ከተጻፈ በኋላ ማስለወጥ ሌላ ቀጠሮ ነው፣ ሌላ ወረፋ ነው፣ ማኅተም ያዡንም እንደገና መፈለግ ነው።

ማኅተሙም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የወጣ ወረቀት የበሽታው ስም ባይጻፍበትም ክቡ ማኅተም ሁሉን ይናገራል። የሥነ አእምሮ ክፍል ባላቸው እንደ ዘውዲቱና ጳውሎስ ባሉ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የሚታከም ሰው ይህ አያስጨንቀውም። ቢሆንም ለማኅተም ብላችሁ የሚያውቃችሁን ሐኪም አትለውጡ። አዲስ ሐኪም መድኃኒቱን ከሥር ይጀምረዋል፣ እናንተም በዚያው ልትታመሙ ትችላላችሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የቀኑ ነገር ነው። ፈቃዱ ዓርብ ያልቃል፣ ቀጠሮው ደግሞ ለሚቀጥለው ረቡዕ ይያዛል። በመሀል ያሉት ሰኞና ማክሰኞ የማንም አይደሉም። ወደ ሥራ አትመለሱም፣ የሚሸፍናችሁ ወረቀትም የለም። ረቡዕ ሐኪሙ አዲስ ፈቃድ ሲሰጥ ከዚያው ከረቡዕ ይጀምራል፤ «ወደ ኋላ ቆጥሬ አልጽፍም» ይላል፣ ልክም ነው። ሰው ሀብት በበኩሉ ሁለቱን ቀን በቀሪነት ይመዘግብና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲሁ ሦስት ቀን ክፍት ከቀረ አምስት ሞላ። በአንቀጽ 27 መሠረት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። መቅረቱ በአዋጁ ካሉት ፈቃዶች በአንዱ የሚሸፈን ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ግን እሱን ለማሳየት ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የፈጠረው ቀጠሮ ሰጪዋና ፈቃድ ጻፊው አለመነጋገራቸው ብቻ መሆኑ ያናድዳል። መፍትሔው ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ማየት ነው። ወይ ቀጠሮው ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ይሁን፣ ወይ ፈቃዱ እስከ ቀጠሮው ቀን ይጻፍ።

ቀኑ የሚጻፍበት አቆጣጠርም ሌላ ወጥመድ ነው። «ከ5/6 እስከ 5/7» የሚል ወረቀት በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 5 እስከ መጋቢት 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ከግንቦት 28 እስከ ሰኔ 28 ይሆናል። ሐኪሙ በፈረንጅ ይጽፋል፣ ሰው ሀብት በአበሻ ያነባል። የወሩ ስም በፊደል፣ ዓመተ ምሕረቱም ሙሉ ይጻፍ። የሐኪሙ ፊርማ፣ ቲተሩ (ስሙ ያለበት ማኅተም)፣ የሆስፒታሉ ክብ ማኅተምና የካርድ ቁጥሩ መሟላታቸውንም እዚያው አረጋግጡ።

ስታስገቡ ለአለቃ በእጅ አትስጡ። በመዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና በራሳችሁ ኮፒ ላይ ቀን፣ ፊርማና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። «ኮፒ ላይ አንፈርምም» ካሉ በኢሜይልም ላኩት። ድርጅቱ ወረቀቱን ሊያጣራ ቢፈልግ ሆስፒታሉን መጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ከእናንተ የወጣ ነው ወይ? ከዚያ አልፎ ስለ ሕመሙ የሚናገር ባለሙያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር በማውጣት ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ቁጥር ማወቅ በስልክ የሚደረገውን ወሬ ያሳጥራል።

በዓለም የአእምሮ ጤና ቀን «ለአሠሪያችሁ በግልጽ ተናገሩ» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ወረቀታችሁ መዝገብ ቤት ሳይገባ አትናገሩ። መንገር የሚያስፈልገው የሥራ ሁኔታ እንዲመቻችላችሁ ስትፈልጉ ነው፣ ያኔም ቢሆን ፍላጎታችሁን ንገሩ እንጂ የበሽታውን ስም አትንገሩ። እኔ ያቀረብኩት የሐኪም ማስረጃ «በሌሊት ፈረቃ እንዳይመደብ ይመከራል» ይላል፤ ከዚያ ወዲህ የሌሊት ፈረቃ የለብኝም። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ስለሚቀሰቅሰው ከየትኛውም ኪኒን ያልተናነሰ የጠቀመኝ ይህ መስመር ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ስለሚያካትት አሠሪው ሁኔታውን የማመቻቸት ግዴታ አለበት። አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሠራተኛም የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ አይወድቅም።

የሕክምና ቦርድ ወረቀት ደግሞ ለጊዜያዊ ሕመም በፍጹም አትጠይቁ። ሰው ሀብት «ቦርድ ያስወስኑ» ሲል ሊረዳ የፈለገ ይመስላል፤ ቦርድ ግን የሚያየው ዘላቂ የመሥራት አቅምን ነው። አቅም የለውም የሚል ውሳኔ ከወጣ በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ይሆናል። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀትም ሕመሙ ላይ እያላችሁ ከቀረበላችሁ አትፈርሙ፤ አስታማሚያችሁም ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

የስንብት ደብዳቤ ከመጣ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል፤ ያልተከፈለ ደመወዝ በ6 ወር ነው። ድርጅቱ «እናየዋለን» እያለ ሦስቱን ወር ሊያስጨርሳችሁ ይችላልና ሽምግልናውን ክሱ ከገባ በኋላ ቀጥሉት። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም። ለችሎቱ የምታቀርቡት ገቢ የተደረገባቸውን ኮፒዎች፣ የቀጠሮ ወረቀቶቹን፣ የተላከውን መልእክትና ማስጠንቀቂያዎቹን ነው፤ ሁሉንም በቀናቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ፣ ኦሪጅናሎቹ ግን ከእጃችሁ አይውጡ።