ከጡቡ የጠነከረ ስቲላቱራ

ለንደን ውስጥ በቅርስ ሕንፃዎች ጥገና ስሠራ ያጋጠመኝ አንድ ክርክር ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። ሕንፃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቀይና በጥቁር ጡብ፣ ረድፉ እየተፈራረቀ የተገነባ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ፖንቴው (ለሠራተኞች የተተከለው መወጣጫ) ላይ ስወጣ፣ በዕድሜ በጣም የሚበልጡኝ የተቋራጩ ፎርማን በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የነበረውን የኖራ ስቲላቱራ፣ ማለትም በጡቦቹ መካከል ያለውን መገናኛ የሚደፍነውን ሙሌት፣ አስፍቀው በሲሚንቶ ማስሞላት ጀምረዋል።

ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ መጠንከሩ ምን ክፋት አለው?» አሉኝ።

«ከጡቡም ይጠነክራል፤ ክፋቱ እሱ ነው» አልኳቸው።

ግድግዳው የጠጣው ዝናብ በለስላሳው ኖራ በኩል ተንኖ ይወጣል። መገናኛው በሲሚንቶ ሲደፈን ግን እርጥበቱ በጡቡ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ በብርድ ወራትም እዚያው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የጡቡን ፊት ፈንቅሎ ይጥለዋል። ያረጀ ኖራ ተፍቆ ሊተካ ይችላል፤ የረገፈ የጡብ ፊት ግን አይመለስም። በእንዲህ ያለ ሕንፃ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። አርክቴክቱ ዊልያም በተርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1850 ተጀምሮ በ1859 በተባረከው፣ በለንደን ማርጋሬት ጎዳና በሚገኘው የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳ ላይ ጌጡን ያወጣው ቀለም ቀብቶ ሳይሆን ቀይና ጥቁር ጡብ አሰላልፎ ነው። በእሱ መንገድ በተሠራ ግድግዳ ላይ የጡቡ ፊት ሲረግፍ ጌጡም አብሮ ይረግፋል።

ፎርማኑ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ጆሴፍ አስፕዲን ለፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1824 ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ይቀድማል፤ ታዲያ ታሪክ የምታስተምረኝ አንተ ነህ?» አሉኝ። ዓመቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሲሚንቶ በዘመኑ መኖሩ በዚህ ግድግዳ ውስጥ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ከእግራቸው ሥር የተከመረው ፍቅፋቂ በጣት ሲታሽ የሚፈርስ ነጭ ኖራ ነበር። አንሥቼ አሳየኋቸው፤ አላዩትም።

ሀገረ ስብከቱ የሰጠው የሥራ ፈቃድ ስቲላቱራው በነበረው ዓይነት እንዲታደስ ያዝዝ ስለነበር፣ ጉዳዩን ለአማካሪ ኮሚቴው በጽሑፍ አቀረብኩ። ሥራው ቆመ፤ የኖራ ናሙና በግድግዳው ላይ ተሠርቶ ከታየ በኋላ የቀሩት ግድግዳዎች በሙሉ በኖራ ታደሱ። በሰሜን በኩል የገባው ሲሚንቶ ግን ይነሣ ቢባል የጡቦቹን ጠርዝ ስለሚሰባብር ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የመገናኛው ናሙና ሳይመረመርና በጽሑፍ ሳይሰፍር ፖንቴ እንዲተከል አልፈርምም።

በማጠናቀቂያ ሪፖርቱ ላይ ኖራ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ተቋራጩ እንደሆነ ተጽፏል፤ ስለ ሰሜኑ ግድግዳ አንድም ቃል የለም። የኔ ስም መጠቀሱ ግድ አይሰጠኝም፤ ሲሚንቶው የት እንዳለ ግን ቀጣዩ ጠጋኝ ማወቅ አለበት። ሪፖርቱ እንዲታረም በደብዳቤ ጠይቄአለሁ፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።